ጎርጎራ፣ ማርያም ግምብ አጠገብ አዲስ ቤት ቢሠራ ምን መምሰል አለበት?

የጣና ነፋስ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የምኖር አርክቴክት ነኝ። ጽሑፌ ይረዝማል፤ ባሳጥረው ግን የቸገረኝ ነገር አይገባችሁም።

ከሁለት ወር በፊት አንድ አሠሪ ጠርቶ ለማርያም ግምብ ጎብኚዎች የሚሆን ትንሽ ቤት እንድነድፍ ጠየቀኝ። ቲኬት መቁረጫ፣ ሽንት ቤት፣ የጥበቃ ክፍል፣ ስለ ቦታው የሚያስረዳ አንድ አዳራሽ፣ ከፀሐይና ከዝናብ መጠለያ። ትልቅ ሥራ አይደለም። ትእዛዙ ውስጥ ግን «የፋሲል ግምብን እንዲመስል» የምትል ቃል ነበረችበት። የግድግዳውን አናት ከሚከበው ጥርስ፣ ከነክብ ማማው፣ በአርማታ ቆሞ ድንጋይ የሚመስል ልባጥ የሚለጠፍበት።

መጀመሪያ የታዘዝኩትን ሣልኩ። ጨርሼ ሳየው ለማንም ላሳየው አልፈለግሁም። ቀጥዬ ተቃራኒውን ሣልኩ፤ ፍርስራሹን ከላይ ሙሉ በሙሉ የሚከድን የብረትና የመስታወት ጣራ። እሱም ሲያድር ከበደኝ። ስለዚህ ቦታውን እንደገና ለማየት ሄድኩ።

ላላያችሁት፦ ጎርጎራ ከእኛ ማዶ፣ በጣና ሐይቅ ሰሜን ዳርቻ ናት። ማርያም ግምብ ከከተማዋ ራቅ ብሎ ወደ ውኃው በገባ ምድር ላይ ነው። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ብዙ ሰው የኢየሱሳዊው የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው ይላል። ፓኤዝ ግን ጎርጎራ ላይ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1622 ነው፤ ቦታውን የቆፈሩት አርኪዮሎጂስቶች የአሁኑን ፍርስራሽ ከእሱ በኋላ የተሠራ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ1632 ሱስንዮስ የኦርቶዶክስን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ኢየሱሳውያኑ ከአገር ወጡ። ያ ሁሉ የተጠረበ ድንጋይ ያገለገለው ለጥቂት ዓመት ነው።

ባለፈው ምዕተ ዓመት በተነሱ ፎቶግራፎች ላይ ቆሞ ከሚታየው ብዙው ዛሬ መሬት ላይ ነው። የቅስቱ መነሻ አለ፤ የተቀረጹ አበቦች አሉ፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባ የዛፍ ሥር አለ። ከወደቀው ግድግዳ ክፍተት ደግሞ ሐይቁ ይታያል። እዚያ ቁጭ ብዬ ከቀትር እስከ አመሻሽ ቆየሁ። ብርሃኑ ሲዞር የአበቦቹ ጥላ ይረዝማል፣ ከዚያ ይጠፋል። የመስታወት ጣራው ይህን እንደሚገድለው ያኔ ነው የገባኝ።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ አዲሱ ቤት አሮጌውን መምሰል አለበት? ካልመሰለስ ምን ይምሰል? ፍርስራሹን እንከድነው ወይስ እንተወው? የእጅ ሙያ ያላችሁም፣ አካባቢውን የምታውቁም፣ በነፃነት ንገሩኝ።

ድንጋይ ጠራቢ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ስለ ቅርጹ የሚነግሩሽ አይጠፉም። እኔ ስለ ኖራው ልንገርሽ።

ወጣት ሳለሁ አንድ የቆየ ቅጥር እንድንጠግን ተቀጠርን። የላላውን ኖራ ቆርቁረን አውጥተን በሲሚንቶ ሞላነው። ሲያልቅ ያምር ነበር፤ አሠሪውም አመሰገነን። ጥቂት ክረምት እንዳለፈ ድንጋዩ ፊቱ ይላጥ ጀመር። ሲሚንቶው እንዳለ ቆሞ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ጎደጎደ። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ግድግዳ ክረምት ውኃ ይጠጣል፤ በጋ ላይ በኖራው መጋጠሚያ በኩል ይተነፍሳል። ሲሚንቶ መውጫውን ሲዘጋበት ውኃው በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ይገደዳል። የያዘው ጨው ከድንጋዩ ቆዳ ሥር ሲደርቅ ይፈነቅለዋል። ደግሞም ኖራ ለስላሳ ነው፤ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይሄዳል። ሲሚንቶ እምቢ ይላል፣ የሚሰነጠቀውም ድንጋዩ ነው። ጎንደር ላይ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ የተደረገው ጥገና ስህተት መሆኑ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኖራ እንደገና ተሠርቷል።

ጢስ ዓባይ ወርደሽ የአላታን ድልድይ እዪ። የ17ኛው ምዕተ ዓመት ሥራ ነው፤ ድንጋይና ኖራ ብቻ። ስንት ክረምት በሥሩ አልፏል።

ሌላ አንድ ነገር። ከፍርስራሹ የወደቀውን ድንጋይ ለአዲሱ ቤት እንዳትነኪ። እንዲያውም ከወደቀበት ሳይነሳ ፎቶ ይነሳ፣ ቁጥር ይሰጠው። ለአንቺ ቤት ከካባ አዲስ ድንጋይ ይምጣ፤ የመሮው ምልክትም የተለየ ይሁን። ሙያ ያለው ሰው በጣቱ ዳስሶ የማን ዘመን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ፒያሳ ጎንደር · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እህቴ፣ እኔ አሠሪሽን እደግፋለሁ። ግምቡ መለያችን ነው። እንግዳ ሲመጣ ገና በሩቁ «ይሄ የጎንደር አገር ነው» እንዲል እፈልጋለሁ። ዘመናዊ እየተባለ የሚሠራው መስታወት ዱባይም አለ፣ ናይሮቢም አለ። እኛ የራሳችን ቅርጽ እያለን ለምን የሌላ እንዋሳለን? ልጆቻችን ግምብ መሥራት የሚያውቅ ሕዝብ ልጆች መሆናቸውን በዓይናቸው ይዩ። ይህን የምለው ጎንደርን ስለምወድ ነው።

የጣና ነፋስ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ጋሼ ድንጋይ ጠራቢ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የድንጋዩን ነገር በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ የወደቀውን ለወለል ንጣፍ ልጠቀምበት አስቤ ነበር። ሰርዣለሁ።

ወንድሜ ፒያሳ፣ ፍቅርህ ይገባኛል፤ የኔም ነው። ግን አንድ ነገር አብረን እናስብ። ማርያም ግምብ የሱስንዮስ ዘመን ነው። ፋሲል ጎንደርን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1636 አካባቢ ነው። በአባቱ ዘመን ከቆመ ሕንፃ አጠገብ የልጁን ቤተ መንግሥት መሳይ ብናቆም የዘመኑን ቅደም ተከተል እናዛባለን። ከ50 ዓመት በኋላ ልባጡ ሲጠቁር፣ አንድ ተማሪ ሁለቱን አይቶ አንድ ላይ የተሠሩ ይመስሉታል። ያን ልጅ አሳሳትነው ማለት ነው።

ደግሞ ግምብ ሠሪዎቹ ራሳቸው የማንን ቅርጽ ቀዱ? በሐይቁ ምሥራቅ፣ እንፍራዝ አጠገብ ጉዛራን ተመልከት፤ ከፋሲል በፊት በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የተሠራ ነው። ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ላሊበላን አልደገሙም፣ አክሱምን አልደገሙም። ለዘመናቸው የሚሆነውን፣ ባላቸው ድንጋይና ባገኙት ሙያ ሠሩ። እነሱን መምሰል ከፈለግን እንደነሱ ደፍረን የራሳችንን ዘመን እንሥራ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተርም ይህንኑ ይላል፤ በቅርስ ላይ የሚጨመር ነገር ከነባሩ ተለይቶ ይታወቅ፣ የዘመኑንም ማኅተም ይያዝ።

ሕዝቡ አዲስ ቅርጽ አይወድም የሚለውንም አልቀበልም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድያችን 380 ሜትር ነው። ጥርስም ማማም የለውም። ምሽት ላይ ግን ባሕር ዳር እዚያ ነው የምትናፈሰው።

ባለ ጀልባው · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

እኔ ንድፍ አላውቅም፤ ግን ሁላችሁም ግምቡን ከየብስ ነው የምታዩት። እኔ ከውኃው ነው የማየው። ስለዚህ ልናገር።

ከሩቅ ስትመጡ መጀመሪያ ዛፉ ይታያል፣ ከዚያ ከዛፉ መሃል የግድግዳው ጫፍ። ለረጅም ሰዓት ያንን ጫፍ እያያችሁ ነው የምትቀርቡት። ከጎኑ ከእሱ የሚበልጥ ነገር ከቆመ አለቀ፤ ዓይን ወደ ትልቁ ነው የሚሄደው። ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ ከሐይቁ መሃል ዓይን ይወጋል። ማታም መብራት አታብዙበት። ጨለማው ራሱ የቦታው ነው፤ ወፉም እዚያ ያድራል።

ማረፊያውን አስበሽዋል? ሐይቁ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይሸሻል። በጥቅምት ለክተሽ የሠራሽው ደረጃ በሰኔ ጭቃ ላይ ይቀራል። በሰሜኑ ዳር እምቦጩም አለ፤ ነፋስ ገፍቶ ባመጣው ቀን ጀልባ አያስጠጋም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፤ መጠለያሽ ወደ ሐይቁ አፉን ከከፈተ ዝናቡ ውስጥ ድረስ ይገባል።

ለመሆኑ ሽንት ቤቱ የት ነው? ያንን ውኃ የሚጠጣ ሰው አለ፤ ዓሣም የምናወጣው ከዚያው ነው።

ከላስታ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

እህቴ፣ የመስታወቱን ጣራ በመተውሽ እግዚአብሔር ይባርክሽ። እኛ ያየነውን ልንገርሽ።

ላሊበላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአውሮፓ ኅብረት በተገኘ ገንዘብ ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ዝናቡ ድንጋዩን እየበላው ነበር። ለጊዜው ነው ተባለ። ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡ «ይነሳልን፣ ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ ወድቆ ይጎዳዋል» ብሎ ሰልፍ ወጣ። እኔም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበርኩ። ስሳለም ቀና ባልኩ ቁጥር ሰማይ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ብረት አያለሁ።

ከዚያ የተማርኩት፦ ለጊዜው የሚባል ነገር የሚነሳበት ቀን፣ የሚነሳበት ገንዘብና የሚያነሳው አካል አብሮ ካልተጻፈ ለጊዜው አይደለም። ጣራ መጣል ግድ ከሆነም አንዱን የተቀረጸ ክፍል ብቻ ከዝናብ የሚከልል፣ አራት ሰው ተሸክሞ የሚያነሳው ይሁን።

የአፈር ሰው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ መሠረቱን። በደምቢያ በኩል ብዙው ሜዳ መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቀላል ቤት በላዩ ላይ ቢቀመጥ ከፍ ዝቅ እያለ ይጫወትበታል። የአንቺ ቦታ ድንጋያማ ምድር ላይ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳይታይ አይገመትም።

ችግሩ ለማየት መቆፈር ያስፈልጋል፣ እዚያ ደግሞ እንደፈለጉ መቆፈር አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቁፋሮ የለም፤ በሥራ መሃል ቅርስ ከተገኘም አቁሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ስለዚህ የአፈር ምርመራሽ ጉድጓድና የአርኪዮሎጂስቱ ጉድጓድ አንድ ይሁን። እሱ ከላይ ወደ ታች በሥርዓት ይቆፍራል፣ አንቺ ከዚያው የአፈር ናሙና ትወስጃለሽ። ከቅርስ ባለሥልጣን ጋር ይህን ከመጀመሪያው ተነጋገሪ፤ ንድፍ ካለቀ በኋላ ሳይሆን አሁን።

የማይቆፈርበት ቦታ ላይ ደግሞ በላዩ መቀመጥ ይቻላል። ጂኦቴክስታይል የሚባል ጠንካራ ጨርቅ ይነጠፋል፣ በላዩ አሸዋና ጠጠር፣ ከዚያ ሰፋ ያለ የመሠረት ጠፍጣፋ፣ ከዚያ የብረት ቋሚ። ቋሚው እግሩ ላይ ብሎን ይኑረው፤ አፈሩ ሲንቀሳቀስ በመፍቻ ታስተካክይዋለሽ። ቤቱ በተነሳ ቀን ጨርቁ ሲገለጥ መሬቱ እንደነበረ ይገኛል።

የዘጌ ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45

ዲያቆን ነኝ፤ ያደግሁት ዘጌ ነው። እህቴ «ምን ይምሰል» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ «እንዴት ይደረስበት» ብለሽ ብትጠይቂ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዘጌ ላይ ከጀልባ ስትወርጂ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አትታይሽም። በቡናው ጫካ ውስጥ ዳገቱን ትወጫለሽ፤ ጥላ ነው፣ ወፍ ነው፣ ድንጋይ ያደናቅፍሻል። ከዚያ የድንጋይ ቅጥር፣ ደጀ ሰላም። አጎንብሰሽ ስትገቢ ነው ድንገት ክቡ ቤተ ክርስቲያን ፊትሽ የሚቆመው። ውስጡም እንደዚያው ነው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ፣ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። አባቶቻችን ውድ ነገር በአንዴ አይታይም ብለው ነው የሠሩት። ከግምብ ሠሪዎቹ ልትወርሺ የምትችይው ጥርሱን ነው፤ ከገዳማቱ ግን ይህን አካሄድ ልትወርሺ ትችያለሽ፣ ለዚህ ደግሞ አንድም ድንጋይ መምሰል አያስፈልግሽም።

ሌላው የሚከብደኝን ልናገር። ያ ቤት ለእኛ ቀላል ትዝታ አይደለም። በሃይማኖት ምክንያት ወንድም ከወንድሙ የተዋጋበት፣ ብዙ ደም የፈሰሰበት ዘመን ነው። አዳራሽሽ ውስጥ የሚጻፈው ስለ ቅስቱ ውበት ብቻ እንዳይሆን። የሞቱትም ይነሱ። ተባርሮ የሄደውም፣ እምነቱን አልለውጥም ብሎ የሞተውም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡50

ትምህርት ቤት ከሚያሳዩን ሁሉ ይህ ውይይት ጠቀመኝ። በእንዲህ ያለ ፍርስራሽ ላይ በደንብ የተሠራ ምሳሌ ካለ ጠቁሙኝ። አንድ ጥያቄም አለኝ፦ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያለው አሮጌ ፎቅ ከዚሁ ዘመን ነው የሚባለው እውነት ነው?

የጣና ነፋስ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡25

ጎበዝ። የጊዮርጊሱ ፎቅ ከኢየሱሳውያን ጊዜ ጋር ተያይዞ ነው የሚነገረው፤ ከግቢህ በእግር ሄደህ የኖራውን መጋጠሚያ በቅርብ ማየት ትችላለህ። ጋሼ ድንጋይ ጠራቢ የጻፉትን ይዘህ ሂድ።

ከውጭ ሁለት ልንገርህ። ጣሊያን፣ ቬሮና ውስጥ ካስቴልቬኪዮ የተባለውን ምሽግ አርክቴክቱ ካርሎ ስካርፓ ሙዚየም ሲያደርገው አዲሱን ወለል ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አላጋጠመውም፤ በመሃል ቦይ የመሰለ ክፍተት ተወ። በዚያች ክፍተት ሁለቱ ዘመን ይለያል፣ ማንም ሳያስረዳህ ይገባሃል። ጀርመን፣ ኮሎኝ ላይ ደግሞ አርክቴክቱ ፒተር ዙምቶር እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተውን ኮሉምባ ሙዚየምን በጦርነት በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ላይ ሠራ። የጡቡ ግድግዳ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ ብርሃንና አየር እየሾለከ ፍርስራሹ ላይ ይወድቃል። እዚያ ግን ከተማ ነው፣ ብርድም አለ። እኛ ጋ ሐይቅና ሰማይ አለ፤ መዝጋት አያስፈልገንም። ካየኸው የምትወስደው ያችን ክፍተት ብቻ ነው።

ድንጋይ ጠራቢ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12፡40

ስለ ዛፉ ረስቼ። ግድግዳው ውስጥ የገባውን ሥር ንቀሉ የሚል አይጠፋም፤ እንዳትፈቅጂ። ሥሩ ያፈረሰውን ያህል አሁን ደግሞ አቅፎ ይዟል። ሲነቀል ድንጋዩ ይከተለዋል። ቅርንጫፉ በየጊዜው ይከርከም፣ ግድግዳው በእንጨት ድጋፍ ይያዝ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ክፍተቱ በኖራና በጠጠር ይሞላ። የግድግዳው አናት ላይ ውኃ እንዳይተኛ ኖራ ሞርታር በትንሽ ተዳፋት ይደረግበት። ከጣራ ይልቅ ያ ያቆየዋል።

ፒያሳ ጎንደር · ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

የአባቱና የልጁ ነገር ሳስበው አደረ። እውነትሽን ነው፤ ቅደም ተከተሉን አላሰብኩትም ነበር። ሆኖም አንድ ነገር አልለቅም፤ የአገር ድንጋይ ይሁን፣ የአገር ግንበኛ ይሥራው። ያ ከቀረ ቅርጹ ምንም ይሁን የኛ አይደለም።

የጣና ነፋስ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡10

ምክራችሁ የት እንዳደረሰኝ ልንገራችሁ። ንድፉን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሠርቼዋለሁ።

ቤቱ ከፍርስራሹ ርቋል። ከኋላ፣ ከብት የሚነዳበት የቆየ መንገድ ዳር፣ ከዛፎቹ ጀርባ ገብቷል፤ ከሐይቁ አይታይም። ከፍታው 3 ሜትር አይሞላም። ግድግዳው አዲስ የካባ ድንጋይ በኖራ ነው፣ ድንጋዩም ግንበኛውም ከዚያው አካባቢ። ወንድሜ ፒያሳ፣ ይህ ያንተ ነው። ጣራው ቀጭን፣ የማያብረቀርቅ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ሆኖ ከግድግዳው ሜትር ተኩል ይወጣል፤ ጀርባውን ለሐይቁ ነፋስ ሰጥቷል። የአፈር ሰው ያለው የብረት እግር ከነብሎኑ አለ። ሽንት ቤቱን ደረቅ አድርጌ ከውኃው በጣም አርቄዋለሁ።

የለፋሁት ግን መንገዱ ላይ ነው። ከጀልባ ማረፊያው የሚነሳው መንገድ መጀመሪያ ከግምቡ ይርቃል። በዛፎቹ ውስጥ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይታጠፋል፣ ጉልበት ድረስ በሚደርስ የድንጋይ ካብ መሃል ይጠብባል። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ነው የቅስቱ መነሻና በክፍተቱ የሚታየው ሐይቅ አብረው የሚገለጡት። እዚያ አንድ የድንጋይ መቀመጫ አለ። ጽሑፍ የለም፤ ጽሑፉ በመመለሻው ላይ፣ በአዳራሹ ውስጥ ነው፣ የሞቱትንም ይጨምራል። የዘጌ ልጅ ረቂቁን አንብቦልኛል።

ፍርስራሹን አንከድነውም። የእንጨት ድጋፍ፣ የግድግዳ አናት ላይ ኖራ፣ ለወደቀው ድንጋይ ምዝገባ። አበቦቹ ላሉበት ክፍል ብቻ በክረምት የሚተከልና በመስከረም የሚነሳ ትንሽ ከለላ አለ። የሚያነሳው ማን እንደሆነና በምን ገንዘብ በሰነዱ ውስጥ ጽፌዋለሁ።

አሠሪው አይቶ «አነሰ፣ አይታይም» አለኝ። ተከራከርን። ቦታው ላይ ይዤው ሄጄ ከውኃው እንዲያየው ጠይቄአለሁ፤ ባለ ጀልባው ሊወስደን ተስማምቷል። በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንነሳለን።

ጋሼ፣ ካንድ ማቃጠያ የኖራ ድንጋይ አግኝቻለሁ። ናሙናውን ማክሰኞ ይዤ ልምጣ?

ድንጋይ ጠራቢ · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ነይ ልጄ። ሳይደቅቅ፣ እንደ ድንጋዩ አምጪው። ውኃ ስናፈስበት ፈልቶ ካልተፈረካከሰ በደንብ አልተቃጠለም ማለት ነው፤ ሌላ እንፈልጋለን። የሚሆን ከሆነ በርሜል ውስጥ በውኃ ሸፍነን እናስቀምጠዋለን። ቢያንስ ሦስት ወር ይቆይ። እስከዚያ ፈቃድሽን ጨርሺ።